ጂኦሜትሪን በሲባጎና በችካል ቢማሩትስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፤ ልጄ 9ኛ ክፍል ናት።

ባለፈው የካቲት ጓሮ ማድ ቤት ልንሠራ ግንበኛ መጣ። መሠረቱን ሲቀይስ ልጄን ጠርቶ ሲባጎ አስያዛት። በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ ምልክት አደረገ፣ ከዚያ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልክ 5 ሜትር እስኪመጣ ድረስ አንዱን ችካል ወዲያ ወዲህ አስጠጋው። «በቃ፣ ማዕዘኑ ወጥቷል» አላት። እሷ ግን ክው ብላ ቀረች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ፓይታጎረስ ነው!» ማዕዘኑ ልክ 90 ዲግሪ ሲሆን ሁለቱ አጫጭር ጎኖች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ፣ ረጅሙ ጎን በራሱ ተባዝቶ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው፦ 3 በ3፣ 9፤ 4 በ4፣ 16፤ ድምሩ 25፣ ያው 5 በ5። ቀመሩን ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከባዋለች፣ ፈተናውንም አልፋለች። ምን እንደሚሠራበት ግን እስከዚያች ቀን ማንም አላሳያትም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

መምህራኑን ልወቅስ አይደለም። በ40 ደቂቃ ያን ሁሉ ተማሪ ይዞ ምዕራፍ መጨረስ ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። «መሣሪያ የለም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ለዚህ ትምህርት ዱላ፣ ገመድና ፀሐይ ይበቃል። 1 ሜትር ዱላ ግቢ ውስጥ ቀጥ አድርጎ መትከል፣ ጥላውን መለካት፣ በዚያው ሰዓት የዛፉንም ጥላ መለካት። የዱላው 1.25 ሜትር፣ የዛፉ 15 ሜትር ከሆነ፣ ጥላው 12 እጥፍ ስለሆነ ቁመቱም 12 እጥፍ ነው፣ ዛፉ 12 ሜትር ማለት ነው፤ ማንም ሳይወጣበት። ይሄ በመጽሐፉ ውስጥ «ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች» የሚባለው ነው። ብቻ ጠዋት ይሁን፣ እኩለ ቀን ላይ እኛ ጋ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትወጣ ጥላው ያጥራል።

የጅማ በርጩማስ? ባለ ሦስት እግሩን ወጣ ገባ መሬት ላይ አስቀምጡት፣ አይንገዳገድም። ባለ አራት እግሩ ግን አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል። ለምን? በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው ላያርፍ ይችላል። ልጆቹ ቤታቸው የሚቀመጡበት ነገር ነው፣ ክፍል ይዘውት ቢመጡ ምን አለበት?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በየሴሚስተሩ ከተከታታይ ምዘናው ቢያንስ አንዱ ውጭ፣ በእጅ ተለክቶ የሚሠራ ይሁን፣ ማርክም ይያዝበት፤ ማርክ ከሌለው ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሲባጎና ችካሉን እኛ ወላጆች እናመጣለን።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ አባት፣ ከጅማ