ሣሩ፣ ማዳበሪያውና ጣና፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመት ዘገባ

የዘንድሮ ሥራችንን ያስጀመረው የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። በመስከረሙ ስብሰባ «ጎልፍ ሜዳ እንዲያ አረንጓዴ ሆኖ ሐይቅ ይጎዳል የሚባለው ለምንድን ነው?» አለች። ጣና ዳር ለሚያድግ ልጅ ትልቅ ጥያቄ ነው።

የጎልፍ ሣር በጣም አጥሮ ይታጨዳል። እንዳይጠወልግ ውሃና ማዳበሪያ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ሣሩ ያልተጠቀመበት ናይትሮጅን በውሃ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ ደግሞ አብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ በጎርፍ ይታጠባል። ሐይቅ ሲደርሱ አልጌን ያፋፋሉ።

ይህን በዓይናችን ለማየት የጣና ውሃ በሃይላንድ ላስቲክ ቀድተን የላብራቶሪው መስኮት ላይ ደረደርን። ግማሾቹ ላይ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለበትን ዳፕ ማዳበሪያ ጥቂት ፍሬ ጣል አደረግን። ሰንበትበት ሲል ዳፕ የገባበት ውሃ የጎመን ቅቅል መሰለ። ልጆቹን ይበልጥ ያስደነገጣቸው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ላስቲኮቹን ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ስናቆያቸው አልጌው ሞቶ ከሥር ዘቀጠ። ክዳኑ ሲከፈት ሽታው አያስጠጋም! ባክቴሪያ የሞተውን አልጌ ሲያበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ሐይቅ ውስጥ ቢሆን የሚታፈነው ዓሣው ነው። ጣና ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እንቦጭ አረምም የሚፋፋው በዚሁ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው።

ብዙ ሐበሾች የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ፎስፈረስ ያለበትን ማዳበሪያ በግቢ ሣር ላይ መጠቀምን በመላው ግዛቷ ገድባለች። የሠለጠኑ የጎልፍ ሜዳ ሠራተኞች ግን ይፈቀድላቸዋል። ልጆቹ «ለምን ለእነሱ?» ብለው ጦፈው ተከራከሩ። ሥልጠናው ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የሐይቁ ዳርቻ ነው። ሣር እስከ ውሃው አፍ ድረስ ከታጨደ ጎርፉን የሚያጣራ ነገር አይኖርም። ደንገል ጎርፉን ያዘገያል፣ ደለሉን ይይዛል፣ ለዓሣ ጫጩቶችም መደበቂያ ይሆናል። ደንገል ለታንኳ መሥሪያ ብቻ የሚመስላቸው ልጆች አሁን ሌላውን ያስረዳሉ።

በግንቦት ወደ ራሳችን ግቢ ዞርን። የሜዳችን ጎርፍ የሚወርድበትን ቦይ ግራና ቀኝ አፈር የሚይዘውን የቬቲቨር ሣር ተከልንበት። አብዛኛው ጸድቋል። ትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የሚኖሩ አባላት ክረምቱን ተራ ገብተው ሊጠብቁት ስማቸውን አስመዝግበዋል።