ፓራሹቱ ለመዘርጋት ከፍታ ይፈልጋል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ነው። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ጄትሰን ዋን የምትባል፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ስምንት ሞተር ያላት፣ በባትሪ የምትበር ነገር ናት፤ ድሮን ላይ ወንበር የገጠሙባት ትመስላለች። «ጋሼ፣ እኛም እንሠራታለን» አለኝ።

እኔም ልቤ ተነሳ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ያንን ዳገት ከከባድ መኪና ኋላ ተለጥፎ፣ ጭስ እየጠጡ፣ በጉም ውስጥ መውጣት ምን እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። የጦሳን ተራራ በአየር ላይ ሆኖ ማየት ማን ይጠላል? ደግሞ ተረት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ 16 ፕሮፔለር ባለው መሣሪያ ሰው ተቀምጦ አንድ ደቂቃ ተኩል በሯል።

የሚያሳስበኝ የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ «አንዱ ሞተር ቢቆም ሌሎቹ ይሸከሟታል፣ ፓራሹትም አላት» ብለው መዝጋታቸው ነው። ስለ ሞተሩ ያሉት እውነት ነው። ግን ባትሪው ወይም ሚዛን የሚጠብቀው ኮምፒውተር ከከዳ፣ ሞተሩ ስምንት ሆነ አሥራ ስድስት ለውጥ የለውም። ሄሊኮፕተር ሞተሩ ቢጠፋ ሲወርድ ከታች የሚመጣው አየር ፕሮፔለሩን እያሽከረከረለት ሊያርፍ ይችላል። አውሮፕላንም በክንፉ ይንሳፈፋል። እንደ ጄትሰን ዋን ያሉት ግን ይህንንም ያንንም ማድረግ አይችሉም። የቀረው ፓራሹቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ለመዘርጋት ከፍታ ይፈልጋል። ቪዲዮው ላይ ልብ የሚሰርቀው ግን ዛፍና ሣር ታክኮ መብረሩ ነው፣ ማለትም ፓራሹቱ የማይደርስበት ቦታ።

የኛ ከተማ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል በ20 ከመቶ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ በፍጥነት መሽከርከር አለበት፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። አምራቹ 20 ደቂቃ ያለው እዚህ 20 አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለችውን ቀላል በራሪ ያለ አብራሪ ፈቃድ ማብረር ይቻላል፤ ሰው በሚበዛበት ከተማ ላይ ግን ክልክል ነው። ደሴ ቤቱ በቤት ላይ የተደራረበባት ከተማ መሆኗን አትርሱ።

እናንተም ስለነዚህ ነገሮች ስትጽፉ ፍጥነቷን ብቻ አትንገሩን፤ ከ10 ሜትር ላይ ብትበላሽ ምን እንደምትሆንም ጠይቁልን።

ልጆቹን አትሥሩ አልላቸውም። ግን ሰው አይቀመጥባት። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ ከዚያ ሰፊ ሜዳ ላይ የሰው ክብደት ያህል አሸዋ ጭናችሁ፣ መሬት ላይ በገመድ አስራችሁ፣ ከርቀት በሪሞት ሞክሯት፤ አንድ ሞተር ሆን ብላችሁ አጥፉና የምትሆነውን እዩ። ለእህቴ ልጅ ገመዱን እኔ እገዛለሁ ብዬዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ