ለደንበኞቻችን፦ የዛንዚባሩ የዳይቪንግ ጉዞ ለምን በአንድ ሌሊት እንደረዘመ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣

በጥር ወር ወደ ዛንዚባር ለሚደረገው የዳይቪንግ (ባሕር ውስጥ የመጥለቅ) ጉዞ የተመዘገባችሁና ቀብድ የከፈላችሁ ሁሉ፣ ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም የላክንላችሁ አጭር መልእክት እንዳስከፋችሁ አውቃለሁ። አምስት ሌሊት የነበረው ጉዞ ስድስት ሆኗል፤ በመጨረሻው ሙሉ ቀን ማንም ባሕር ውስጥ አይጠልቅም፤ ዋጋውም ጨምሯል። ይህን ያህል ከባድ ነገር፣ ያውም ቀብድ ከተቀበልን በኋላ፣ በሦስት መስመር መንገር ተገቢ አልነበረም፤ ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ውሳኔው ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ምክንያቱን ከራሴ አንደበት እንድትሰሙ ነው።

ቢሮ ድረስ መጥታችሁ የተናገራችሁትን ሁሉ በጥሞና ሰምቻለሁ። “ሳንጠልቅ ለምንውልበት ቀን ለምን እንከፍላለን?” የሚለውን ጥያቄ አልቀየምበትም፤ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነው። ነገር ግን በዕድሜ እንደ አባት የማያቸው፣ ከእኛ ጋር ብዙ ጊዜ የተጓዙ ደንበኛችን “አንተም እንደ ሌሎቹ ሌሊት መሸጥ ጀመርክ” ሲሉኝ፣ የዚያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሸጥኩት ሌሊት አይደለም። ለእያንዳንዳችሁ በቀን ሁለት፣ በአራት ቀን ስምንት ጊዜ እንደምትጠልቁ ቃል ገብተን ነበር፤ አሁንም ስምንት ነው። ዋጋውን ሳልነካ የመጨረሻውን ቀን ሁለት ጠለቃዎች ዝም ብዬ መሰረዝ እችል ነበር፤ ያን ባደርግ ምናልባት ይህን ያህል ቅሬታ አይመጣም ነበር። ቃሌን ከማጉደል ሌሊቱን መጨመር መረጥኩ።

የመጨረሻው ቀን ለምን ከውኃ ውጭ እንደሚሆን ለማስረዳት ከሲሊንደሩ ልጀምር። ጠላቂ በጀርባው የሚሸከመው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ኦክስጅን ብቻ አይደለም፤ ታምቆ የተሞላ ተራ አየር ነው፤ ከዚህም ውስጥ 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ የመጀመሪያ ደረጃ የምስክር ወረቀት ያለው ጠላቂ ቢበዛ ሊወርድ በሚመከርበት 18 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውኃው በላይ ካለው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። በዚያ ግፊት የምንተነፍሰው ናይትሮጅን በደማችንና በሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለን ስንወጣና 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ቆመን ስንጠብቅ የተወሰነው በሳንባችን በኩል ይወጣል፤ የቀረው ግን ለመውጣት ብዙ ሰዓታት ይፈልጋል። ይህ ሳይሆን በዙሪያችን ያለው ግፊት ቢቀንስ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውኃ ሰውነታችን ውስጥ አረፋ ይፈጠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ያሳምማል፤ ነርቭና አከርካሪ ላይ ሲሆን ሰውን ሽባ እስከማድረግ ይደርሳል።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሊሳሳ ይችላል። ለዚህም ነው የጠላቂዎችን ደኅንነት የሚከታተለው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለበርካታ ቀናት ወይም በቀን ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ የሚመክረው። “12 ሰዓት ይበቃል ተብለናል” ያላችሁኝ ደንበኞቼ ቁጥሩን በትክክል ሰምታችኋል፤ ቁጥሩ ግን የእናንተ አይደለም፤ እናንተ ስምንት ጊዜ ትጠልቃላችሁ።

እኔ ከመብረራችሁ በፊት 24 ሰዓት ትቆያላችሁ ያልኩበት ተጨማሪ ምክንያት አለኝ፤ ይህን ምክንያት ከእኛ አገር ሰው በቀር ማንም ሊያስብልን አይችልም። ከዛንዚባር ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ የሚመለስ ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ግፊቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ እኛ ግን የምናርፈው ቦሌ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ። እዚያው አድረን በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ እንበርራለን። የሐረር ደንበኞቼ ደግሞ ድሬዳዋ ከወረዱ በኋላ እንደገና ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ይወጣሉ፤ በደንገጎ በኩል ስትወጡ ጆሯችሁ ድፍን የሚለው በዚሁ በግፊት ለውጥ ነው። ስለዚህ ለእናንተ ከውኃ የመውጣት ጉዳይ ዛንዚባር ላይ አያበቃም፤ ቤታችሁ እስክትደርሱ ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ የማውቀው በትምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እስከ መጪው ዓመት እጠብቅ ነበር። ባለፈው ጉዞ ግን ከደንበኞቻችን አንዱ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠልቆ በማግስቱ በረረ፤ መርሐ ግብሩን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ በመካከል የነበረው ጊዜም 18 ሰዓት አልሞላም። አዲስ አበባ አልጋው ላይ ጋደም ሲል ትከሻውንና ክርኑን ያመው ጀመር፤ ሻንጣ በመሸከሙ መስሎት ዝም አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጣቶቹ ሲደነዝዙ ደወለልኝ። ወዲያው ወደ ሐኪም ሄዶ ኦክስጅን ተሰጠው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ፤ ዛሬም ደንበኛችን ነው። እናቱ ቢሮዬ መጥተው አመሰገኑኝ፤ እኔ ግን ምስጋናው አልተገባኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአሮጌው መርሐ ግብር ሰው ልኬ ቤቴ መተኛት አልችልም።

ስለ ዋጋው ጥቂት ልበል። ሪዞርቱ የሚከፈለው በዶላር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዛንዚባርም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ እንግዳ ሁሉ 44 ዶላር የሚከፈልበትን የአገሪቱን የጉዞ መድን እንዲገዛ ግዴታ አድርጋለች፤ እኛም የዳይቪንግ መድን ለብቻው እንጨምራለን። ሪዞርቱ “ኦል ኢንክሉሲቭ” መባሉ አንዳንዶቻችሁን ማሳሳቱንም ተረድቻለሁ፤ ቃሉ ክፍሉን፣ ምግቡንና መጠጡን እንጂ ጀልባውን፣ ሲሊንደሩንና አስጠላቂውን አይመለከትም፤ እነዚህን የምንከፍለው እኛ ነን።

እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት ትርፍ አይቼ አይደለም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በልጅነቴ ጅቡቲ ወስዶ ባሕርን ያሳየኝ እሱ ነው። “ከተማችንን የወለዳት ከባሕር የመጣው ሐዲድ ነው” ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ነው፤ ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። መጥለቅ የተማርኩት እዚያው ጅቡቲ ነው፤ ከውኃው በታች ያየሁትን ለአባቴ ለማሳየት ግን አልታደልኩም። ከዚራ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ፣ በአንድ ጠረጴዛ ትኬት እየሸጥኩ፣ አራት ሰዎችን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዛንዚባር አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ደሴት ወደ ምኔምባ ስሄድና አረንጓዴዎቹን የባሕር ኤሊዎች አይተው ከውኃ ሲወጡ ፊታቸውን ስመለከት፣ የዕድሜ ልክ ሥራዬን እንዳገኘሁ አወቅሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መንገድ ሲዘጋ የሁላችሁንም ቀብድ አንድ ሳንቲም ሳልቀንስ መልሻለሁ፤ ለዚያም የእናቴን ወርቅ ሸጫለሁ። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ከእናንተ ገንዘብ ይልቅ እናንተን እንደምፈልግ ታስታውሱልኝ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ከተጨማሪው ሌሊት ዋጋ ግማሹን ድርጅታችን ይሸፍናል፤ ከዚህ በላይ አቅማችን አይፈቅድም። ከውኃ ውጭ የምትውሉበት ቀንም ባዶ አይሆንም፤ ስቶን ታውንን እናያለን፤ እንደ ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የተመዘገበች፣ ጠባብ መንገዶቿና የተቀረጹ በሮቿ የሐረርን ልጅ እንግድነት የማያሰሙት ከተማ ናት።

በአዲሱ መርሐ ግብር መጓዝ የማትፈልጉ ቀብዳችሁን ሙሉ በሙሉ መውሰድ ትችላላችሁ። ከሸዋል ኢድ በኋላ እንዲሆንላችሁ የጠየቃችሁኝ የሐረር ደንበኞቼ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት የደሴቲቱ ረጅሙ የዝናብ ወቅት ስለሆነና ባሕሩ ስለሚደፈርስ በእነዚያ ወራት ጉዞ አላዘጋጅም፤ ከሰኔ ማብቂያ በኋላ ቦታችሁን በዚሁ ቀብድ እይዝላችኋለሁ። የጤና መጠይቁንም እባካችሁ በእውነት ሙሉልኝ፤ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የጆሮ ቀዶ ጥገና ያለበት ሰው ሐኪም ሳይፈቅድለት እንዲጠልቅ አላደርግም።

ውሳኔያችሁን እስከ ታኅሣሥ 10 ቀን ድረስ ብታሳውቁኝ ክፍሎቹን ለመያዝ ጊዜ ይኖረኛል። ቢሮአችን ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 እስከ 12 ሰዓት ክፍት ነው። የተቀየማችሁኝም ብትሆኑ መጥታችሁ ብታነጋግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ቡናው እንደ ወትሮው ይፈላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ወኪሉ ባለቤት