መብራት ሲጠፋ የቤት ስልካችሁ ለምን አብሮ ይጠፋል?

ለተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ደንበኞቻችን፤

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን መብራት በጠፋ ቁጥር የሱቃችን ስልክ ፋታ አጥቷል። ጥያቄው ያው ነው፤ «ዋይፋዩም የቤት ስልኩም ሞተ፤ ኑና እዩልን።» ሄደን ስናይ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። መብራቱ ሲመጣ ራሱ ይነሳል። በከንቱ የመምጫ ሂሳብ ከምትከፍሉን ይህችን ደብዳቤ ብታነቧት ይሻላል ብለን ነው የጻፍነው።

በቀደም አንዲት እናት የድሮ ባለቁልፍ ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። «ልደታ ስኖር መብራት ቢጠፋም ይሄ ስልክ ይጮህ ነበር። ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ከአምፖሉ ጋር አብሮ ይሞታል። ምን አግኝቶት ነው?» አሉን። ፈትሸን አየነው። ስልኩ ጤነኛ ነው። የተቀየረው ከግድግዳው ጀርባ ያለው መስመር ነው።

የድሮው መስመር ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ከቤት ተነስቶ፣ መንገድ ዳር ባሉት ሳጥኖች አልፎ፣ የስልክ ጥሪ የሚያገናኘው ማዞሪያ ጣቢያ ይገባል። ጣቢያው በዚያው ሽቦ 48 ቮልት ይልካል። ይህ ኃይል ከጣቢያው ባትሪ ስለሚመጣ የእናንተ ቆጣሪ አያገባውም። ሰፈሩ ጨልሞም ስልኩ ይሠራል። ሲጠራ ደግሞ ቮልቱ ወደ 90 ይጠጋል። አንዱ ባልደረባችን ይህን ያወቀው ሽቦ በጥርሱ ሲልጥ ሰው ወደዚያ ቤት ደውሎ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፒንሳ ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም።

በሽቦው የመጣው ድምፅ ማዞሪያው ጋ ሲደርስ በሴኮንድ 8000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል። በዚህ መንገድ የሚያልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚርገበገብበት ቁጥር) ያለው ድምፅ ብቻ ነው። «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ፉጨት ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ «ሞደሙ ሠራ» ስትሉን «ሞደሙ ፈራ» ብለን ብንሰማ አትፍረዱብን።

ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። አዲሱ ቤታቸው የገባው ፋይበር ነው። ፋይበር ፀጉር የምታህል የመስታወት ክር ናት። በውስጧ ብርሃን ያልፋል፤ ኤሌክትሪክ ግን አያልፍም። ጣቢያው ቢፈልግ እንኳ በዚህች ክር ኃይል ሊልክላችሁ አይችልም። ብርሃኑን ወደ ድምፅና ወደ ዋይፋይ የሚመልሰው ሞደሙ ነው፤ እሱም የሚበላው ከቤታችሁ ሶኬት ነው። መብራት ሲጠፋ ሞደሙ ይተኛል፤ ከጀርባው የተሰካው ስልክም አብሮት። ፋይበርን ግን አንጠላም። ፍጥነቱ ከመዳብ ጋር አይወዳደርም። የመዳብ ሌባም አይጓጓለትም።

መፍትሔው ለሞደሙ ትንሽ ባትሪ መግዛት ነው። ታዲያ ከመግዛታችሁ በፊት የሞደሙን ቻርጀር ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። የማይመጥን ባትሪ ሰክተው ሞደም ያቃጠሉ ደንበኞች አሉን።

መብራት ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶም ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው። መጀመሪያ ከሶፋው ጀርባ እዩ። ክሯ ከታጠፈች ብርሃኑ በታጠፈው ቦታ ያመልጣል። ቀስ ብላችሁ ዘርጓት። ጫፏን ነቅላችሁ በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ ብርሃኑ አይታይም፤ ግን ሌዘር ነው።

«ሞባይሉስ? እሱ በአየር ነው የሚሄደው» ትሉን ይሆናል። ከእጃችሁ እስከ ታወሩ ድረስ በርግጥ በአየር ነው። ከታወሩ ወዲያ ግን ያው ፋይበር ሊሆን ይችላል። ታወሩ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ወዲያው አይዘጋም። ግን አስቡት፤ መብራት በጠፋባት ደቂቃ ሰፈሩ በሙሉ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ይዞራል። ያኔ ነው «ኔትወርኩ ሞልቶ ይታያል፣ ግን አይከፍትም» የሚባለው። ስልካችሁ ላይ የምታዩዋቸው የኔትወርክ ዘንጎች የሚነግሯችሁ ከታወሩ የሚደርሳችሁን የሲግናል ጉልበት ነው። ታወሩ ላይ ስንት ሰው እንደተሰለፈ አይነግሯችሁም። ነገሩ እንደ ታክሲ ሰልፍ ነው፤ ሚኒባሱ ፊታችሁ ቆሟል፤ ወንበር ግን የለም። እንዲህ ባለ ሰዓት ስልኩን ለጥገና ይዛችሁ አትምጡ። አንቴና ቀይረን ገንዘባችሁን መብላት አንፈልግም።

ቻርጀሩን ማንበብ ካስቸገራችሁ ሱቃችን ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ ለማንበብ አናስከፍልም። ቀዩ መብራት ክሯን ዘርግታችሁም እንቢ ካለ ግን ደውሉ፤ ያኔ እንመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ቱሉ ዲምቱ ያላችሁ የስልክና የዋይፋይ ጠጋኞቻችሁ