የድጎማው ብር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሃያ ስድስት ዓመት መጋዘን ጠብቄ ነው ጡረታ የወጣሁት። ያለ ሞዴል 19 (የገቢ ደረሰኝ) አንድ ጆንያ አላስገባሁም፣ ያለ ሞዴል 22 (የወጪ ደረሰኝ) አንድ ጆንያ አላስወጣሁም። ወረቀት ላይ የጎደለ ነገር ዛሬም ቶሎ ይታየኛል። ባለቤቴ በሽታ ነው ትለዋለች።

ባለፈው ግንቦት ወንድሟ ከቢዮአዋሌ በኩል መጥቶ እኛ ቤት አደረ። ማሽላ አራሽ ነው። ከገበሬዎች ማኅበሩ ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ማዳበሪያ ገዝቶ ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞታል። «መንግሥት ደጉሞልሃል አሉኝ። ስንት ደጎመልኝ?» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ አገላበጥኩት። እሱ የከፈለው ብር አለ፣ ማኅተም አለ፣ ፊርማ አለ። የድጎማው ነገር የለም። «እኔ እንጃ» አልኩት፤ አፈርኩ።

ድጎማው የለም እያልኩ አይደለም። ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ነው የሚገባው፤ ከፊሉ እንዲያውም በባቡር በደጃችን ያልፋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ገበሬው ላይ ሙሉው ዋጋ እንዳይወድቅ መንግሥት ቢሊዮኖች አውጥቷል። ያ ባይሆን አማቼ ያችን ጆንያም አይነካት ነበር። ነገር ግን ድጎማው ከጆንያው ጋር ነው የሚሄደው፤ አሥር ጆንያ የገዛ አሥር እጅ ያገኛል። የእኛ ቆላ ገበሬ ደግሞ ዝናቡ ከቀረ ዩሪያው ማሽላውን ያቃጥልብኛል ብሎ ይቆጥባል። ታዲያ ለማን ስንት እንደደረሰ በምን እንወቅ?

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለው ልጄ ከባድ መኪና ይነዳል። ሬንቪል በምትባል ካውንቲ (እኛ ወረዳ እንደምንለው ያለ ነው) በቆሎ፣ አኩሪ አተርና ስኳር የሚወጣው የቀይ ሥር ዓይነት ተክል ያመርታሉ አለኝ። እዚያ የእርሻ ድጎማ የወሰደ ሰው ስሙ ከነዶላሩ ለሕዝብ ይወጣል፤ ኢንቫይሮመንታል ወርኪንግ ግሩፕ የተባለ ድርጅት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ሰብስቦ አስቀምጦታል። ብዙው ገንዘብ ለትልልቆቹ እርሻዎች እንደሚሄድ የታወቀው በዚሁ መዝገብ ነው። እነሱም ቢሆኑ የሰብል መድን ድጎማውን የወሰደውን ሰው ስም አያወጡም፤ ሁሉን ገልጠዋል ማለቴ አይደለም።

ስም መለጠፍ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጋጫል የሚል አይጠፋም። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ስም በቀበሌ ስብሰባ ፊት ይነበብ የለም ወይ? የደሃው ስም ሲነበብ ማንም አልተጋጨም፤ የባለ አሥር ጆንያው ሲሆን ለምን ነውር ይሆናል?

እኔ የምለው ቀላል ነው። ደረሰኙ ላይ ሦስት መስመር ይጨመር፦ የማዳበሪያው ሙሉ ዋጋ፣ መንግሥት የከፈለው፣ ገበሬው የከፈለው። በየማኅበሩ ግድግዳ ላይ ደግሞ ማን ስንት ጆንያ እንደወሰደ ይለጠፍ። ስቶክ ካርዱ (የመጋዘኑ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ) ላይ ያለ ነገር ነው፤ መገልበጥ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ይጨርሰዋል፣ እኔ ሠርቼው አውቃለሁ።

አማቼ ለመስቀል ይመጣል። ያቺን ደረሰኝ እንዳይጥላት ነግሬዋለሁ።

ጡረተኛ የመጋዘን ሠራተኛ
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ