ደብዳቤ ለልጄ፦ የኤሊው ጭንቅላት ለምን የጥጃ ሆነ?

ሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ሳሉ ተሽሏታል።

ወንድምሽ የነገረኝ ነገር ግን ሆዴን አልተመቸውም። ስለ «አሊስ በድንቅ ምድር» የታዘዛችሁትን የቤት ሥራ ቴሌግራም ላይ ካገኘሽው ማጠቃለያ ገልብጠሽ አስገባሽ አሉ። የእንግሊዝኛ መምህር ልጅ ሆነሽ! መጽሐፉን ራሱን አንብቢ።

ማጠቃለያው «ባርኔጣ ሠሪው እብድ ነው» ብሎ ያልፋል። እንግሊዞች እኮ መጽሐፉ በ1865 እ.ኤ.አ. ከመታተሙ በፊትም «እንደ ባርኔጣ ሠሪ ያበደ»፣ «እንደ መጋቢት ጥንቸል ያበደ» ይሉ ነበር። ባርኔጣ ሠሪዎቹ በሚጠቀሙበት ሜርኩሪ ተመርዘው ይንቀጠቀጡ፣ አእምሯቸውም ይታወክ ነበር። ጥንቸሉም መጋቢት የመራቢያ ወቅቱ ስለሆነ ያቅበጠብጠዋል። ደራሲው ሉዊስ ካሮል ሁለቱን አባባሎች ነፍስ ዘራባቸውና ሻይ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የውሸት ኤሊስ? በጥጃ ጭንቅላት የሚሠራ «የውሸት ኤሊ ሾርባ» የሚባል ምግብ ነበራቸው። ሾርባው ካለ ኤሊውም መኖር አለበት አለ ሰውዬው! ሠዓሊው ጆን ቴኒየልም የጥጃ ጭንቅላት አድርጎ ሣለው። ይሄ ከማጠቃለያ አይገኝም። መጽሐፉን አንብቢ።

ደግሞ አንቺ ለዚህ ነገር አዲስ አይደለሽም። አያትሽ ታላቅ ወንድሜን «እሱ ሆደ ሰፊ ነው» ስትል ሰምተሽ፣ ሸሚዙን ገልበሽ ሆዱን ያየሽው ትዝ ይልሻል? እንደ ጭራሮ የቀጠነ ሰው! «የታለ ሰፊው?» ብለሽ ቤቱን በሳቅ ገደልሽው። እሱም ከት ብሎ ሳቀ። እኔን ለማስተማር በሬውን የሸጠ ሰው ነው። ደሞዝ ስይዝ ጥሩ ጋቢ እገዛለታለሁ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል፣ አመለጠኝ። ካባ ለብሼ በተመረቅኩበት ፎቶ ላይ እንኳ ከጎኔ የለም፤ እርሻ ላይ ነበር።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ መምህርሽ ጋ ሄደሽ እውነቱን ተናገሪ። እንደገና ልሥራው በያቸው። እምቢ ካሉሽም መጽሐፉን አንብቢ።

በርበሬና በሶ በአውቶቡስ ልከናል። ረዳቱ ሲደርስ ይደውልልሻል፤ ስልክሽን እንዳታጠፊ። የበርበሬው ክዳን ላልቷል፣ ቀና አድርገሽ ያዢው። ለዶርም ጓደኞችሽም አካፍያቸው።

አባትሽ