የሒሳብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከመስመሩ በፊት ነጥቡ

የሒሳብ ክበባችን በዚህ ዓመት ያከናወነው ሥራ በአብዛኛው በአንድ ርእስ ላይ ያረፈ ነው፤ እርሱም ባለ ሁለት ተለዋዋጭ መስመራዊ ያለእኩልነቶችን (ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች ያሉበትን አገላለጽ ከሌላ ጋር በ«ያንሳል» ወይም በ«ይበልጣል» የሚያወዳድሩትን) መረዳትና ግራፋቸውን መሥራት ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ያወጣነው ዕቅድ ለዚህ ርእስ የመደበው ሦስት ስብሰባ ብቻ ነበር። ሦስቱ ስብሰባዎች ዓመቱን ሙሉ የተለጠጡበትን ምክንያት ማስረዳት የዚህ ዘገባ ዋና ጉዳይ ስለሆነ፣ ስለ እንቆቅልሽ ውድድሩና ስለ ግድግዳ ጋዜጣው በዕቅዳቸው መሠረት መከናወናቸውን ከመግለጽ በቀር ብዙ አልጽፍም።

ምክንያቱ የታየው ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። አባላቱ የ2ኤክስ + 3ዋይ < 12ን ግራፍ እንዲሠሩ ስጠይቃቸው ሁሉም ማለት ይቻላል በትክክል ሠሩት። መስመሩ አግድሙን አክሲስ 6 ላይ፣ ቋሚውን አክሲስ 4 ላይ እንዲያቋርጥ አደረጉ፤ ምልክቱ እኩል መሆንን ስለማይጨምር መስመሩን ቆራርጠው አሰመሩ፤ ከመስመሩ በታች ያለውንም ክፍል በእርሳስ አጠቆሩ። ቀጥዬ ግን ከጠቆረው ክፍል አንድ ነጥብ መርጠው ያ ነጥብ ምን እንደሚነግረን እንዲጽፉ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንድ አባል «መልሱ የጠቆረው ነው እንጂ ነጥብ አይደለም» አለ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። እኔው ራሴ ለዓመታት ያስተማርኩት «አስምሩ፣ ፈትኑ፣ አጥቁሩ» በሚል የሦስት ቃል ትእዛዝ ስለነበር፣ ተማሪው እጁ የሚሠራውን ልቡ ሳያውቀው ሙሉ ነጥብ ማግኘት ይችል ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ መስመር ማስመርን ከለከልኩ። በግድግዳው ላይ ትልቅ ባለ ካሬ ወረቀት ለጠፍን፤ በሁለቱም አክሲሶች ከ−3 እስከ 8 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ወስደን የተገኙትን 144 ነጥቦች ለአባላቱ አከፋፈልን። እያንዳንዱ አባል የደረሰውን ጥንድ ቁጥር በ2ኤክስ + 3ዋይ ውስጥ ይተካል፤ ውጤቱ ከ12 ካነሰ ቀይ፣ ከበለጠ ሰማያዊ፣ እኩል ከሆነ ጥቁር ነጥብ ያደርጋል። ሥራው አሰልቺ መስሎ ቢጀመርም ወረቀቱ እየሞላ ሲሄድ አባላቱ ከመቀመጫቸው እየተነሡ ወደ ግድግዳው ይጠጉ ጀመር። ጥቁር የሆኑት አራት ብቻ ነበሩ፤ (−3፣ 6)፣ (0፣ 4)፣ (3፣ 2) እና (6፣ 0)። አራቱም በአንድ ቀጥታ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ ቀዩ ሁሉ በአንድ ወገን፣ ሰማያዊው ሁሉ በሌላው ወገን ነበር፤ ከአንዱ በቀር። በሰማያዊዎቹ መካከል (4፣ 2) ላይ ብቻዋን የቆመች ቀይ ነጥብ ነበረች፤ ያቀለማት ልጅም ማንም ሳይነግረው ሄዶ እንደገና ሲያሰላ 10 ያለው ውጤት 14 መሆኑን አገኘ፤ ዋይን በ3 ማባዛቱን ረስቶ ነበር። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ከማደርገው እርማት ይልቅ ይህ እርማት የጠለቀ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባል «144 ነጥብ ፈትነን ያወቅነውን በአንድ የመፈተኛ ነጥብ ማወቅ የሚቻለው ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች። የመፈተኛ ነጥብ የምንለው የትኛው ወገን እንደሚጠቁር ለመለየት በያለእኩልነቱ ውስጥ የምንተካውን አንድ ነጥብ ነው። መልሱን ለማግኘት ሁለት ስብሰባ ፈጀብን። ከአንድ ቀይ ነጥብ ተነሥተን ወደ ሰማያዊ ነጥብ በቀጥታ ብንጓዝ የ2ኤክስ + 3ዋይ ዋጋ ሳይዘል፣ ደረጃ በደረጃ ሳይሆን ያለማቋረጥ እያደገ ይሄዳል፤ ከ12 በታች ጀምሮ ከ12 በላይ ለመድረስም በመንገዱ ላይ የግድ ልክ 12 መሆን አለበት፤ ልክ 12 የሚሆነው ደግሞ በመስመሩ ላይ ብቻ ነው። እንግዲያው መስመሩን ሳይሻገር «ከ12 ያንሳል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከ«አዎ» ወደ «አይደለም» የሚለውጥ ነጥብ የለም፤ በአንድ ወገን ያሉ ነጥቦች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው። መስመሩ ጠለሉን (ነጥቦቹ ሁሉ ያሉበትን ዝርግ ገጽ) በሁለት ግማሽ ጠለል ይከፍላል የምንለው ይህን ማለታችን ነው። አባላቱ ይህን ካዩ በኋላ መስመሩ የሚቆራረጥበትን ወይም ሳይቆራረጥ የሚሰመርበትን ምክንያት ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ጥያቄው የድንበሩ ነጥቦች «አዎ» ይላሉ ወይስ «አይደለም» ይላሉ የሚል ብቻ ሆነ።

መሠረቱ ከተጣለ በኋላም ሁለት የቆዩ ስሕተቶች አስቸግረውናል። አንደኛው «ይበልጣል ከሆነ ከላይ፣ ያንሳል ከሆነ ከታች አጥቁር» የሚለው አቋራጭ ነው። 3ኤክስ − 2ዋይ > 6 ስንሠራ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አባላት የላይኛውን ወገን አጠቆሩ። (0፣ 0)ን ብንተካ 0 > 6 ይሆናል፤ ይህ ሐሰት ነው፤ መነሻ ነጥቡ ደግሞ ከመስመሩ በላይ ስለሚገኝ መልሱ የታችኛው ወገን ነው። ዋይን ለብቻው ስናወጣ በ−2 ስለምናካፍል ምልክቱ ይገለበጣል፤ ያለእኩልነቱም ዋይ < 1.5ኤክስ − 3 ይሆናል። አቋራጩ የሚሠራው ዋይ በግራ በኩል ብቻውን ከቆመ በኋላ ብቻ መሆኑን በዚህ አየን። ሁለተኛው ስሕተት (0፣ 0)ን ዘወትር እንደ መፈተኛ መውሰድ ነው። ዋይ > 2ኤክስ ላይ መስመሩ ራሱ በመነሻው ስለሚያልፍ ነጥቡ የትኛውንም ወገን አይወክልም፤ (0፣ 1)ን ስንወስድ 1 > 0 እውነት ሆኖ ወገኑን ይነግረናል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ያለእኩልነቶችን አንድ ላይ ወደ መሥራት ተሻገርን፤ ምሳሌውንም ከራሳችን ስብሰባ ወሰድን። ስብሰባው 60 ደቂቃ ነው፤ አጭር ጥያቄ 10 ደቂቃ፣ ረጅም ጥያቄ 15 ደቂቃ ይወስዳል። የአጭሮቹን ብዛት ኤክስ፣ የረጅሞቹን ዋይ ብንለው 10ኤክስ + 15ዋይ ≤ 60 ይሆናል፤ በ5 ሲቃለል 2ኤክስ + 3ዋይ ≤ 12 ነው፤ ያው የግድግዳው መስመር፣ አሁን ግን ያልተቆራረጠ። ብዛት ከዜሮ ስለማያንስ ኤክስ ≥ 0 እና ዋይ ≥ 0 ተጨመሩ፤ መፍትሔውም ሦስት ማዕዘን ሆነ። ሆኖም አንድ ጥያቄ ተኩል ብሎ ነገር የለምና ሦስት ማዕዘኑን በሙሉ ማጥቆር እዚህ ትክክል አይደለም፤ የሚቆጠሩት በውስጡና በጠርዙ ላይ ያሉት የሙሉ ቁጥር ነጥቦች ናቸው። አባላቱ ቆጥረው 19 አገኙ።

ቀጥሎ አራሚው ከ5 ጥያቄ በላይ ማረም አይችልም አልንና ኤክስ + ዋይ ≤ 5ን ጨመርን። አሁን የመፍትሔው ክልል (0፣ 0)፣ (5፣ 0)፣ (3፣ 2) እና (0፣ 4) የሚባሉ ማዕዘኖች ያሉት አራት ጎን ሆነ። አጭሩ 4፣ ረጅሙ 5 ነጥብ ቢያሰጥ ከፍተኛው ውጤት በ(3፣ 2) ላይ 22 ነው፤ ሌሎቹ ማዕዘኖች ከ20 አያልፉም። ነጥቦቹን ወደ 2 እና 3 ስንለውጥ ግን (3፣ 2) እና (0፣ 4) እኩል 12 ሰጡ፤ እኩል ውጤት የሚሰጡት ነጥቦች የሚሰለፉበት መስመር ከክልሉ ጠርዝ ጋር ስለሚገጥም ነው። ይህ አሠራር ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባለው፣ በመስመራዊ ገደቦች ውስጥ ከሁሉ የተሻለውን ውጤት የሚፈልገው የሒሳብ ዘርፍ መግቢያ ሲሆን፣ የሒሳብ ሊቃውንቱ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939፣ ጆርጅ ዳንትዚግ ደግሞ በ1947 ያቀረቧቸው ሥራዎች ለዘርፉ መሠረት ጥለዋል። ከዚህ ጋር አያይዘን የምልክቶቹን ታሪክ በግድግዳ ጋዜጣው አውጥተናል፤ የ< እና የ> ምልክቶች የታተሙት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቶማስ ሃሪዮት ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1631፣ በወጣው መጽሐፉ ነው፤ እኩልነትን የሚጨምሩትን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ቡጌ የተጠቀመባቸው በ1734 ነው።

ያልተሳካልን ነገርም አለ። ለእያንዳንዱ ያለእኩልነት የተለየ ቀለም ሰጥተን ስንደራርብ ከሦስተኛው በኋላ ወረቀቱ ጭቃ መሰለ፤ የጋራውን ክልል መለየትም አልተቻለም። በኋላ የማይፈለገውን ወገን እያጠቆርን ንጹሑን መተው ጀመርን። እኔ ይህን መንገድ እመርጣለሁ፤ ነገር ግን አባላቱ በክፍል ከለመዱት ተቃራኒ ስለሆነ ሁለት ልጆች በፈተና ላይ ተደናግረዋል፤ ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ግራፍ ሥር የትኛው ክልል መፍትሔ እንደሆነ በቃል መጻፍን ግዴታ አድርገናል።

የዓመቱ የመጨረሻ ስብሰባ ያበቃው በአንድ ቆጠራ ነው። እርስ በርሳቸው ትይዩ ያልሆኑና ሦስቱም በአንድ ነጥብ የማይገናኙ ሦስት መስመሮች ጠለሉን በ7 ክልል ይከፍላሉ። ለሦስት ያለእኩልነቶች ግን «አዎ» እና «አይደለም» በ8 መንገድ ሊደረደሩ ይችላሉ። የጎደለው አንዱ የት ሄደ? ልጆቹ ክልሎቹን አንድ በአንድ ፈትነው፣ በመካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ሦስቱንም «አዎ» የሚል ከሆነ ሦስቱንም «አይደለም» የሚል ነጥብ በጠለሉ ላይ የትም እንደሌለ አገኙ። ወዲያው አንዱ አራተኛ መስመር ጨመረ፤ 16 ድርድር፣ 11 ክልል። የጎደሉት አምስቱ የትኞቹ እንደሆኑ ሲፈልጉ ደወሉ ተደወለ፤ ወረቀቱን እንዳለ ጠቅልለን በክበቡ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠነዋል።